ከአጥሩ ጀርባ የነበረው ባሕር ዛፍ

እዚህ ስደት አገር፣ ሆፐርስ ክሮሲንግ የሚባል ሰፈር ቤት ስንገዛ ከአጥራችን ጀርባ ሜዳ ነበር። አሁን ሜዳ የለም፤ ጣሪያ በጣሪያ ሆኗል። ምን ይደረግ፣ ሰው ቤት ይፈልጋላ! እኔስ ብሆን ቤት ስፈልግ አይደል የመጣሁት? ከዚያ ሁሉ ሜዳ የቀረው አንድ ለእናቱ የሆነ ትልቅ ባሕር ዛፍ ብቻ ነበር። ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ አያቅፈውም።

አባቴ ገና ከመጡ ቀን ጀምሮ ያን ዛፍ ጥምድ አድርገው ያዙት። እናቴ ስትሞት ብቻቸውን ከሚሆኑ ብዬ ነው ያመጣኋቸው። እዚህ ቋንቋ የለ፣ ዕድር የለ፣ የልጅ ልጆቻቸውን በአማርኛ ሲጠይቋቸው በእንግሊዝኛ ነው የሚመልሱላቸው። ደስ የሚላቸው ነገር ቢኖር ባክያርዱ ላይ የተከሉት ጎመን ነው። ከሺፍት ስመለስ ውሃ ሲያጠጡ አገኛቸዋለሁ። አጥሩ ሥር ያለው ግን አልፋፋ አለ። ባሕር ዛፉ ውሃዬን እየጠጣብኝ ነው ይላሉ። እኔ ደግሞ፣ አባዬ ይሄኮ አገሩ ነው፣ ባሕር ዛፍ ወደ እኛ አገር የሄደው ከዚህ ነው፣ መጤዎቹ እኛ ነን እያልኩ እቀልዳለሁ። አይስቁም።

የማይስቁበት ምክንያት ነበራቸው። በወጣትነታቸው አገር ቤት የግብርና ሠራተኛ ነበሩ። ባሕር ዛፍ ትከሉ፣ አጣናው ይሸጣል፣ ቤታችሁን ቆርቆሮ ታለብሳላችሁ ብለው አንድ ቀበሌ ሙሉ ገበሬ አሳምነዋል። እውነትም ቆርቆሮው መጣ። ከተማው ሲያድግ አጣናው እንደ ጉድ ተሸጠ። ከዓመታት በኋላ ግን ከተከላው በታች ያለው ምንጭ ደረቀ፣ ሴቶቹም ውሃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ ጀመሩ። አባቴ ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው ይቀንሳል።

ታዲያ አንድ ጊዜ ካውንስሉ፣ የአካባቢው አስተዳደር ማለት ነው፣ ጎረቤቱን ሁሉ ሚቲንግ ጠራ። ቤቶቹን የሚሠራው ዴቨሎፐር በዛፉ ቦታ መንገድ ሊያወጣ ነው፣ ምን ትላላችሁ ተባልን። አጥር የምንጋራት ፈረንጅ ሴትዮ ተነሥታ ዛፉ እንዳይነካ ለመነች። ባሏ የሞተባት፣ ዕድሜዋ ከአባቴ የማይተናነስ ሴት ናት። ወፎቹ ወዴት ይሄዳሉ አለች። መሬቱም ጭቃ ነው፣ ውሃ አያሳልፍም፣ እሱን እየጠጣ ያቆየን ይህ ዛፍ ነው አለች። የሰማት ያለ አይመስለኝም።

ከዚያ አባቴ እጃቸውን አወጡ። ኢንተርፕሪተር ቡክ ያደረገ ስለሌለ እኔው አስተረጎምኩ። ይህን ዛፍ አውቀዋለሁ፣ በእጄ ተክዬዋለሁ፣ ምንጭ ሲያደርቅ በዓይኔ አይቻለሁ ብለው ጀመሩና ያን ሁሉ ታሪክ ተረኩት። ሰዉ ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። ከሰፈራችን የመጡት ሐበሾች ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ባሕር ዛፍ ውሃ እንደሚጨርስ ከእኛ መሃል ማን የማያውቅ አለ? እኔም ኩራት ኩራት አለኝ። ከመጡ ጀምሮ ሰው ቁም ነገር ብሎ ሲሰማቸው ያየሁት ያን ቀን ነው።

ዛፉ ተቆረጠ። ያለ እሳቸውም ንግግር ይቆረጥ ነበር ይሆናል፤ ዴቨሎፐር የፈለገውን መቼ አጥቶ ያውቃል። ሴትዮዋ መጋረጃዋን ዘግታ ዋለች። አመሻሹ ላይ ነጫጭ በቀቀኖች መጥተው ቦታውን ሲዞሩት ቆዩና እኛ ጣሪያ ላይ ሰፈሩ። እንዴት እንደሚጮኹ! አባቴ ግን ጎመናቸውን እየኮተኮቱ፣ እንግዲህ ታዪዋለሽ አሉኝ።

አየሁት። ክረምቱ ሲገባ ዝናቡ መጣ፣ ውሃውም መሄጃ አጣ። ጭቃው ጠጥቶ ጠጥቶ አበጠ። ጎመኑ በቁሙ ቢጫ ሆነና ሥሩ በሰበሰ። የሴትዮዋ ይባስ፤ ቤቷ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ ውሃው በጓሮ በር ገብቶ ምንጣፏን አበላሸው፣ ግድግዳዋም ተሰነጠቀ። አባቴ በመስኮት አይተው ቁርሳቸውን ሳይነኩ ተነሡ። ልቤ ተሰበረ።

ቦቲ ጫማዬን አድርገው፣ ጠቦኛልም ሳይሉ፣ አካፋ ይዘው ሄዱ። እኔም ተከተልኳቸው። ሴትዮዋም አካፋ ይዛ ጓሮዋ ውስጥ ነበረች። ሳይነጋገሩ ጎን ለጎን ቦይ መቆፈር ጀመሩ። ሁለቱም ወገባቸውን እየያዙ ያርፋሉ። በመጨረሻ አባቴ ቀና ብለው፣

«ይቅርታ አድርጊልኝ ይላል በያት» አሉኝ።

አልኳት። ያየኸውን ነው የተናገርከው፣ ምን ጥፋት አለብህ አለች። ይህንንም ነገርኳቸው። አባቴ ግን እሷን እሷን እያዩ ነበር።

«ያየሁትንማ ተናገርኩ» አሉ። «እዚያ አስተክዬ ምንጭ አደረቅሁ፤ እዚህ አስቆርጬ የሰው ቤት በውሃ አስሞላሁ። እዚያም እዚህም መሬቱን የሚያውቅ ሰው አጠገቤ ነበር። አንድም ቀን አልጠየቅሁም።»

ሴትዮዋ ምን አለ ብላ እኔን እኔን ታያለች። እኔም «ያየሁትንማ ተናገርኩ ይላሉ» ብዬ ጀመርኩላት።