የኢንጂነሩ ኮት

ልብስ ሰፊውን በሰፈሩ «አቶ እሺ» ነበር የሚሉት። ሰው ማስቀየም አይሆንለትም፤ ሚስቱ «ጭንቅላትህን አውሰኝ ቢሉህ፣ መቼ ትመልሳለህ ብለህ እንኳ አትጠይቅም» እያለች ታሾፍበታለች።

የደህንነት ሰዎች ሱቁ መጥተው ወደ እስር ቤት ሲወስዱትም እሺ ብሎ ሄደ። በማግስቱ ፎቶ አንሺዎች የተጠሩበት ትልቅ ችሎት አለ። ግድቡን ሆን ብሎ አፈረሰ የተባለው ኢንጂነር ግን በምርመራ ብዛት አጥንቱ ብቻ ቀርቷል። ሕዝብ ፊት ደልቶት መታየት ስላለበት፣ ልብስ ሰፊው የኢንጂነሩን ኮት ገበር ከፍቶ ትከሻውና ደረቱ ላይ ጥጥ እንዲሞላበት ታዘዘ።

ኮቱን ሲለካው ዘቡ ሲጋራ ሊለኩስ ፊቱን አዞረ። ኢንጂነሩ ወደ ልብስ ሰፊው ጆሮ ጠጋ ብሎ፣ «ወንድሜ፣ ነገ ያስሸመደዱኝን እናገራለሁ፤ ከዚህ በላይ ዱላ አልችልም። ግን ልጄ ችሎቱ ላይ ትገኛለች። ወድጄ የተናገርኩ እንዳይመስላት። ገበሩን አታጥብቀው» አለው።

 ሰውዬው ነፍሴን አትርፍልኝ አላለውም፤ የለመነው አንድ ላላ ያለ ክር ነው። ልብስ ሰፊው እንደ ልማዱ «እሺ» አለ። ልብስ ሲሞከር እንደሚደረገው የገበሩን ጠርዝ በአንድ ክር ሰፋ ሰፋ አድርጎ ብቻ አያያዘና የክሩን ጫፍ ኮቱ ኪስ ውስጥ አሾልኮ ተወለት።

በማግስቱ ልብሱ ቢበላሽ እንዲያስተካክል ከኋላ ወንበር አስቀመጡት። ኢንጂነሩ ደረቱ ሞልቶ፣ የደላው ጌታ መስሎ ተነሣ። «ወንጀሌን በፈቃዴ አምኛለሁ። ማንም አልነካኝም» እያለ እጁን ኪሱ ከተተና ሳበ። ጥጡ ከኮቱ ሥር ተዘረገፈ። ትከሻው ወረደ፤ ኮቱ ምስማር ላይ የሰቀሉት ይመስል ተንጠለጠለበት። እሱ ግን ንግግሩን አላቋረጠም። «በሚገባ እበላለሁ፣ በሚገባ እተኛለሁ» ይላል።  ከአዳራሹ መሃል አንዲት ወጣት ብድግ ብላ አባቷን ፊት ለፊት አየችው፤ ተቀመጪ ሊላት የደፈረ የለም።  ልብስ ሰፊው በልቡ፣ «ሰው እንዲህም ትልቅ ይሆናል ለካ!» አለ።

ችሎቱ ተቋረጠ። የደህንነቱ አለቃ ልብስ ሰፊውን አንገቱን አንቆ ወደ ጓዳ ጎተተውና መርፌና ክር እጁ ላይ ጣለለት።

«አሁኑኑ መልሰህ ስፋው! አጥብቀህ!»

ኢንጂነሩ እዚያው ጓዳ ወንበር ላይ ተደግፎ፣ «ስፋው ወንድሜ፣ ልጄ አይታለች፤ አንተ ቤትህ ግባ» አለው በደከመ ድምፅ።

ልብስ ሰፊው መርፌውን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«እምቢ» አለ።

ከሁሉም በላይ የደነገጠው እሱ ራሱ ነበር።