የሕንፃ አሥራ አራት ሊፍት

ቦጎሚልን ሃያ ዓመት አውቀዋለሁ። ሩሴ ከተማ በሚገኘው የምሕንድስና ፋኩልቲ እሱ ሥነ ምግባር ያስተምራል፣ እኔ ዶንካ ደግሞ የአዳራሾቹን ቁልፍና ዕቃ እጠብቃለሁ። ክፉ ሰው አይደለም፤ እንዲያውም እሺ ባይነቱ ነው ጉድ ያደረገው። ከማስተማሩ ጎን በኢንጂነርነቱ የሰፈር ሊፍቶችን ይመረምራል። መመርመር ከተባለ። ገና ደጃፉ ላይ ሲደርስ እናቶች ይጠሩታል፣ ባኒጻ የሚባለው አይብ ያለው ቂጣ ከምድጃ ይወጣል፣ የራኪያ አረቄ ይቀዳል፤ እንግዳ ሳይቀምስ መሄድ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። የሊፍቱን የምርመራ ካርድ እዚያው ማዕድ ላይ ያመጡለታል፣ እሱም አፉን እየጠረገ ይፈርማል።

«ሳታየው?» ስለው፣ «ወጥቼበት የለም እንዴ፣ አንቺ ደግሞ» ይለኛል። እኔም ስቄ አልፈዋለሁ። አሁን ያ ሳቄ ያንገበግበኛል።

ባለፈው መጋቢት ለተማሪዎቹ የቤት ሥራ ሰጠ፤ በየሰፈራችሁ አደገኛ ነገር ፈልጉ፣ ማን እንደፈረመበትም ጠይቁ አላቸው። ሐሙስ ጠዋት እኔ ፕሮጀክተሩን ላበራ ክፍሉ ገብቼ ሳለሁ፣ ራሊጻ የምትባል ዝምተኛ ተማሪ ፎቶዎቿን አሳየች። የሊፍት ገመድ ነበር፤ የሽቦው ክሮች ተበጣጥሰው ወደ ውጭ ቆመዋል።

«ሕንፃ አሥራ አራት ነው። አያቴ ስምንተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው» አለች። «ከአሥር ቀን በፊት ደህና ነው ተብሎ ተፈርሞበታል።»

ፊርማውን አሳየች። ጠመዝማዛ ነው፣ ጅራቱ ረጅም። ቦጎሚል ቁልፍ በወሰደ ቁጥር በእኔ መዝገብ ላይ የሚያሰፍረው ፊርማ ነው። ክው አልኩ።

«ስሙን ማንበብ አልቻልኩም» አለች ራሊጻ። «መምህር፣ እንዲህ ያለ ሰው ምን ይባላል?»

«ነፍሰ ገዳይ ነዋ» አለ ከኋላ አንዱ፤ ክፍሉ ሳቀ።

ቦጎሚል ፊቱ አመድ መሰለ። በሩን አየው፤ እውነቴን ነው፣ ወጥቶ የሚሄድ መስሎኝ ነበር። ሥራው አለ፣ ስሙ አለ፣ እስር ቤትም አለ። እኔ ራሴ በሆዴ ዝም በል እያልኩ ለመንኩት።

«የኔ ነው» አለ። ከዚያ ወደ ራሊጻ ዞረ። «ፊርማው የኔ ነው። ለአያትሽ ደውዪላት፣ ከቤት እንዳትወጣ።»

ደወለች። ስልኩ አይነሳም።

«ሐሙስ ገበያ ትሄዳለች» አለች ራሊጻ፣ ቦርሳዋን እያነሳች።

ሦስታችንም በእኔ አሮጌ መኪና በረርን። ቦጎሚል መንገዱን ሙሉ ጉልበቱን በሁለት እጁ እንደያዘ ነበር። ሕንፃው ውስጥ ስንገባ ሊፍቱ ከላይ እየወረደ ነው። መሃል ላይ ገጭ አለና ቆመ። ራሊጻ ክንዴን ጨመደደችው። መጸለይ እንኳ አቃተኝ። ከዚያ እየተንቋቋ እንደገና መውረድ ጀመረ።

በሩ ተከፈተ። አያቷ ወይዘሮ ፔትካና ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ወጡ። ራሊጻ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። ቦጎሚል ማንም እንዳይገባበት በሩ መሃል ለእኛ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ወደ ሊፍቱ ዞሮ ቆመ፤ ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል።

ወይዘሮ ፔትካና አዩትና ፊታቸው በራ።

«ውይ ኢንጂነር፣ አንተ ነህ እንዴ? ወደ ላይ ና እንጂ፣ ባኒጻው ገና ትኩስ ነው። እዚህ ምን ገተረህ? ሊፍቱን ስታየው ገና ዛሬ አየሁህ።»