የአንድ ልጅ ምግብ

ዛሬ አንዲት እናት ላይ «ሸጥሽው አይደል?» ብዬ ጮህኩባት።

የምሠራው እብናት አካባቢ ካለ ጤና ጣቢያ ነው። ዝናቡ ከቀረ ወዲህ በረሃብ ለተጎዱ ሕፃናት በለውዝ የተሠራ አልሚ ምግብ በፓኬት እናድላለን።

የሴትዮዋ የሦስት ዓመት ልጅ ምግቡን ለሳምንታት ወስዳለች። ዛሬ ክንዷን ስለካው ግን መለኪያው አሁንም ቀይ ላይ ነው፤ ከከባድ ረሃብ አልወጣችም ማለት ነው።

እናትየዋ አንገቷን ደፍታ፣ «አልሸጥኩም ሲስተር። ቤት ሌሎች ሦስት አሉ፤ እሷ ስትበላ እነሱን የት ልደብቃቸው?» አለችኝ።

እኔ ደግሞ መመሪያ አለኝ። «የአንድ ልጅ ምግብ ነው፣ ለሌላ አይሰጥም» ይላል።

(መመሪያውን የሠለጠንነው ደብረ ታቦር፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ነው። ምሳው ቡፌ ነበር። ለመጨመር ሁለቴ ተነሥቻለሁ።)

«በይ እዚሁ ፊቴ ትብላ!» ብዬ አንድ ፓኬት ቀድጄ ለልጅቷ ሰጠኋት።

በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። አልቀመሰችውም። እንዳሳደጓት፣ መጀመሪያ ወደ እኔ ዘረጋችና «እንብላ» አለችኝ።

እኔም እንደ ወጉ «ጠግቤያለሁ፣ ብዪ» አልኳት።

እውነቴን ነበር። ቁርሴን በልቼ ነው የመጣሁት።

እናንተስ፣ የተራበ ልጅ «እንብላ» ብሏችሁ ያውቃል? ምን ብላችሁ መለሳችሁ?