አገላብጬ የሳምኩት ሰው

አገሬን የከዳሁት ሰላምታ በመስጠት ነው። የተባለው እንደዚያ ነው። ጥይት አልሰረቅኩም፣ ምስጢር አልሸጥኩም፣ ለጠላት መንገድ አልመራሁም፤ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ቆሜ አንድ የማላውቀውን ሰው ሳምኩ። ዛሬም ነገሩን ሳነሳው ደሜ ይፈላል። የምናደደው በከሳሾቼ ብቻ አይደለም፤ በራሴም፣ ባሳደገኝ ሰፈርም፣ "ይቅርታ፣ አላወቅኩህም" የምትለዋን አጭር ነገር ከአፋችን ለማውጣት ምጥ በሚይዘን በሁላችንም ነው።

ያኔ ሃምሳ አለቃ ነበርኩ። ከምሥራቁ ግንባር እግሬን ቆስዬ ተመልሼ በጦሩ ጋራዥ ውስጥ መኪና እጠግናለሁ። የምኖረው አራዳ፣ ከአትክልት ተራ ብዙ በማይርቅ ግቢ ውስጥ፣ ከእናቴ ጋር ነው። ያን ቅዳሜ ፀጉሬን ተቆርጬ፣ የደንብ ልብሴን እንደለበስኩ ወደ ቤት ስመለስ፣ ከሰው መሀል አንድ ቀጭን ወጣት እጁን ዘርግቶ መጣ።

"አንተ! በሕይወት አለህ?" ብሎ ተጠመጠመብኝ።

"አለሁ" አልኩት። ውሸት የለውም፣ ነበርኩ።

አገላብጦ ሳመኝ፣ አገላብጬ ሳምኩት። እየሳምኩትም መልኩን በልቤ እፈልጋለሁ፤ የለም። አብሮኝ የተማረ ይሆን? የጎረቤት ዘመድ? ግንባር ያወቅኩት? "ማን ልበል?" ብዬ ብጠይቀው ይቀየመኛል፤ ዘምቶ ቢመለስ ኮራብን ብሎ ያወራብኛል። ስለዚህ ሁላችንም የምናውቃትን ዘዴ ተጠቀምኩ። ፊቴን በፈገግታ ሞልቼ፣ ስም የማያስፈልጋቸውን ጥያቄዎች መደርደር ጀመርኩ።

"ጠፋህ እኮ! ሰው እንዲህ ይጠፋል? ቤተሰብ ሁሉ ደህና? እናትህስ እንዴት ናቸው?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ናት። ወገቧን ትንሽ ያማታል እንጂ።"

"እግዜር ይማራቸው። ሰላም በልልኝ። እንጠያየቅ እንጂ!"

"እንጠያየቅ!" ተባብለን ተለያየን። እኔም እቤቴ እስክደርስ "ማን ነበር?" እያልኩ እየተብሰለሰልኩ ሄድኩ። ምሳዬን ስበላ ረሳሁት።

አንድ ሰው ግን አልረሳውም። ከእኛ ግቢ ትንሽ ከፍ ብሎ የሚኖር ጎረቤታችን በቀበሌው የመረጃ ሥራ ተሰጥቶት ነበር። ሥራውን ከመጠን በላይ ይወደዋል። በዚያች ሰዓት ከአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ቆሞ ሁሉንም ያያል። ወጣቱ ለካ በህቡዕ ድርጅት አባልነት በየቦታው ሲፈለግ የከረመ ሰው ኖሯል። እኔ ይህን የሰማሁት ከታሰርኩ በኋላ ነው።

የታሰርኩትም እዚያው ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ፣ በእሑድ ስብሰባ ላይ ነው። እናቴ አጠገቤ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ጎረቤታችን ተነሥቶ ስለ ፀረ አብዮተኞች ብዙ ከተናገረ በኋላ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። "ሠራዊታችንን ለጠላት የሚሸጥ ከሃዲ እዚህ መሀላችን ተቀምጧል!" አለ። አዳራሹ ሙሉ ዞሮ አየኝ። እኔም ሞኙ፣ ማንን ነው ብዬ ወደ ኋላዬ ዞርኩ።

ምርመራው ከቸርችል ጎዳና ገባ ብሎ ባለ አንድ ቢሮ ውስጥ ነበር። መርማሪዬ ሻምበል ነው፤ ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው።

"ሰውዬውን ከመቼ ጀምሮ ታውቀዋለህ?"

"አላውቀውም፣ ጓድ ሻምበል።"

"አገላብጠህ ስመኸው፣ እናቱን ጠይቀህ፣ አላውቀውም ትላለህ?"

"አዎ፣ ጓድ ሻምበል።"

"እኔን ሞኝ አደረግከኝ?"

"ይሉኝታ ይዞኝ ነው" አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። "ወታደር ምን ይሉኝታ አለው?" አለኝ።

ይህ ንግግር በየጊዜው ይደገማል። እኔ አስረዳለሁ፤ ሰው ሲስምህ ትስማለህ፣ ከሳምክ እናቱን ትጠይቃለህ፣ ከጠየቅክ በኋላ ደግሞ "ለመሆኑ አንተ ማን ነህ?" ማለት ነውር ነው እላለሁ። እሱ ይሰማኛል፤ ሰምቶ ሲያበቃ "ስለዚህ ታውቀዋለህ" ይላል። አንድ ቀን "እናትየው ማን ናት? ወገቧን ያማታል ማለትስ ምን ማለት ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። ወገቧን ያማታል ማለት ወገቧን ያማታል ማለት ነው ብዬ ጮህኩ። መጮሄ ራሱ ተጠረጠረ።

ቆይቶ ወጣቱ ተያዘ። ሲጠየቅ የሰጠው ቃል ከእኔው ጋር አንድ ሆነ፤ የታላቅ ወንድሙ ጓደኛ ዘምቶ ቀርቶ ነበርና እሱን መሰልኩት። በቃ፣ ነፃ ወጣሁ ብዬ እግዜርን አመሰገንኩ። ሻምበሉ ግን "ተመካክራችኋል" አለኝ። የተለያየ ብንናገር አንዳችን ዋሽተናል፤ አንድ ብንናገር ሁለታችንም ተመካክረናል። እንዲህ ካለ ሰው ጋር ምን ዓይነት ክርክር ይቻላል? ግንቡን በግንባሬ ብመታው ይሻለኝ ነበር።

ወደ ጦር ፍርድ ቤት እንድተላለፍ ተወሰነ። የአገር ክህደት ፍርዱ ምን እንደሆነ ለወታደር አይነገረውም፣ ያውቀዋል። የሚወስዱኝ ቀን ሻምበሉ ከፊት፣ እኔና ጠባቂዬ ከኋላ ሆነን በጂፕ ወጣን። ሻምበሉ ፒያሳ ላይ ማኪያቶ አማረውና መኪናውን አስቁሞ ገባ። ጠጥቶ ሲወጣ፣ ባርኔጣ ያደረጉ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ደጃፉ ላይ ያዙት።

"አንተ ልጅ! እንዲህ ትልቅ ሰው ሆንክ?"

ሻምበሉ ኮፍያውን አውልቆ ጎንበስ አለ። ሽማግሌው አገላብጠው ሳሙት፣ እሱም ትከሻቸውን ሳመ። መስኮቱ ክፍት ነውና ሁሉን እሰማለሁ።

"እንዴት ነዎት አባባ? ጠፉ እኮ!"

"አለሁ ልጄ። አባትህ ደህና ነው?"

"ደህና ነው፣ በጸሎትዎ። ቤት ሁሉ ሰላም? ልጆቹስ እንዴት ናቸው?"

"ትንሹ ገና ሥራ አልያዘም እንጂ ደህና ናቸው።"

"ይይዛል፣ ምን አለ! ሰላም ይበሉልኝ።"

ተመራርቀው ተለያዩ። ሻምበሉ ገብቶ ተቀመጠና በሩን ዘጋ። እኔ ከዚያ በኋላ የሚቀርብኝ ነገር አልነበረም።

"ጓድ ሻምበል፣ ማን ናቸው?" አልኩት።

"የአባቴ..." አለና ቆመ። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሥቶ ቸርችልን መውረድ ጀመረ። ሻምበሉ በመስኮቱ ያያል። "ዝም ብለህ ተቀመጥ!" አለኝ በመጨረሻ፤ እኔ እኮ አልተንቀሳቀስኩም። ትንሽ እንደሄድን ደግሞ ለራሱ እንደሚያወራ "መልካቸው ግን አዲስ አልሆነብኝም" አለ። ሾፌሩ ሳቁን ሊደብቅ በኃይል ሳለ።

ስንት ወር አፌ እስኪደርቅ ያስረዳሁትን ነገር አንድ ሽማግሌ ማኪያቶ ቤት ደጃፍ ላይ አስረዱልኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ። ሻምበሉ ጥቂት አሰበና "ተመለስ" አለው ሾፌሩን። ከዚያ ወዲያ ብዙም አልቆየሁ፤ ማስረጃ አልተገኘበትም ተብዬ ተለቀቅኩ። ሻምበሉ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አልተነፈሰም፣ እኔም አላነሳሁበትም።

ወጣቱ ምን እንደሆነ ግን አላወቅኩም። ጠይቄ የሚነግረኝ አጣሁ፤ ደጋግሜ ለመጠየቅም ፈራሁ። ስሙን እንኳ አላውቅም። የማውቀው እናቱን ወገባቸውን እንደሚያማቸው ብቻ ነው። እሳቸውን ሳስብ ያዝናል ልቤ፤ ልጃቸው ተመልሶ በር ላይ ስሟቸው ይሆን እላለሁ።

እቤቴ ስገባ ሰላም ማለት ግማሽ ቀን የሚፈጅበት ሰፈር ድዳ ሆኖ ጠበቀኝ። የከሃዲ እናት ናትና እናቴን ሰላም የሚላት ጠፍቶ ኖሯል። ከቤተ ክርስቲያን መልስ አብረዋት የሚመጡት ሴቶች ማዶውን ይዘው ይሄዳሉ። እሷም እልኸኛ ናት፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ በከሳሼ ደጃፍ ስታልፍ አንገቷን አንዴም አላዞረችም። ሰውዬው ነገሩን ለማለዘብ ይሁን ለማሾፍ "እንደምን አደሩ?" ሲላት ግንብ እንዳናገራት ታልፈዋለች። እሱን ሰላም አለማለት በዚያ ዘመን ቀላል ድፍረት አይደለም። "ስምህን እዚያው አዳራሽ ውስጥ እስኪያጸዱልህ ድረስ፣ ሰላምታዬን አያገኛትም" አለችኝ።

እኔም የፈለግኩት ያንኑ ነበር። በተሰደብኩበት አዳራሽ፣ በዚያው ሕዝብ ፊት፣ ከሃዲ አይደለም ይባልልኝ። ቀላል ነገር ይመስላል። ቀበሌ ሄጄ ስጠይቅ "የፈታህ ጦሩ ነው፣ እሱ መጥቶ ይናገር" አሉኝ። ወደ ጦሩ ስሄድ "ስምህን ያጠፋው ቀበሌው ነው፣ እሱ ያጽዳው" አሉኝ። ሻምበሉን ደጅ ጠንቼ ሳገኘው "ተፈተህ የለም እንዴ? ሌላ ምን ትፈልጋለህ?" አለኝ። በዚያ በቁስለኛ እግሬ ቸርችልን ስወጣና ስወርድ ከረምኩ። እሑድ እሑድ አዳራሹ እገባና እጄን አወጣለሁ፤ ሊቀ መንበሩ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። እጄን እንዳወጣሁ ስብሰባው ተበትኖ ያውቃል።

በኋላ ሰልችቶኝ እንደማልተው ሲያውቅ ሊቀ መንበሩ ራሱ ሰለቸው። አንድ እሑድ ስለ ጽዳት ዘመቻ ተናገረ፤ ቀጥሎ "ሃምሳ አለቃው ተጣርቶ ንጹሕ ሆነው ተገኝተዋል" አለ፤ ትንፋሽ ሳይወስድ ደግሞ የስኳር ማደያው ቀን መለወጡን ተናገረ። ይኸው ነው። ሕዝቡ ያጉረመረመው ለስኳሩ ነው። እናቴ ግን ሰምታለች፤ ክንዴን ጭምቅ አድርጋ ያዘችኝ።

ስንወጣ ማዶ ማዶውን ሲሄድ የከረመው ሁሉ ደጃፉ ላይ ከበበን። እንኳን ደስ ያላችሁ፣ እኛማ እናውቅ ነበር፣ እግዜር ያያል፤ መሳም በመሳም ሆነ። ሰው እንዴት በአንድ ጊዜ እንዲህ ይገለበጣል እያልኩ ጥርሴን ነክሼ እስማለሁ። በዚህ መሀል ያ የመረጃው ሰው እጁን ዘርግቶ መጣ።

ታስሬ ሳለሁ ለዚህ ሰው የምናገረውን ቃል በቃል አዘጋጅቼ ነበር። በየቀኑ አሳምረዋለሁ። አሁን ሕዝቡ ሁሉ እያየ፣ እናቴ አጠገቤ ቆማ፣ ያ ቀን መጣልኝ።

"አንተ! እንኳን ለዚህ አበቃህ!" ብሎ ተጠመጠመብኝ።

አገላብጦ ሳመኝ። አገላብጬ ሳምኩት።

"ልጆቹ ደህና ናቸው?" አልኩት።

"ደህና ናቸው። ትልቋ ትንሽ ጉንፋን ይዟታል እንጂ።"

"እግዜር ይማራት" አልኩ።

ወደ ቤት ስንሄድ እናቴ ክንዴን እንደያዘች ነበር። አትክልት ተራ ጋ ስንደርስ ቆመች።

"እሱን ሳምከው" አለችኝ።

"ሳላስበው ነው፣ እማዬ።"

"አገላብጠህ ስመኸው፣ ልጆቹን ጠይቀህ፣ ሳላስበው ትላለህ?"

"ይሉኝታ ይዞኝ ነው።"

እጇን ከክንዴ አወጣች። "ከሃዲ!" ብላኝ፣ በሽንኩርት ተሸካሚዎቹ መሀል እየተሹለከለከች ቀድማኝ ሄደች። ለዚህኛው ክስ መከላከያ አልነበረኝም።