ለሁሉም አንድ ልክ

እኔ የውሃ መሥሪያ ቤቱ የበር ጥበቃ ነኝ። ታላቅ እህቴ በዚያው ቤት የደንበኞች መስኮት ላይ ይሠራሉ፤ ሠራተኛው ሁሉ እትዬ ይላቸዋል። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚያች ወንበር ነው። የግራ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ ቀኙም እየደከመ ነው። ቢታወቅ ከሥራ ያሰናብቱኛል ብለው ስለሚፈሩ ከቤተሰብ በቀር ይህን የሚያውቅ አልነበረም። የመጨረሻ ልጃቸው ኢንተርኔት በሚከፍቱበት ብሮውዘር ላይ ፊደል የሚያጎላ መሣሪያ ጨምሮላቸው፣ በዚያ ይሠሩ ነበር።

ባለፈው ሰኞ የኮምፒውተር ክፍሉ ሰውዬ የሠራተኛውን ሁሉ ብሮውዘር ከራሱ ክፍል ሆኖ ማዘዝ ጀመረ። ሰው በራሱ የጨመረው መሣሪያ በሙሉ ተሰረዘ፤ የእህቴም ማጉያ አብሮ ሄደ። መልሰው ሊጭኑ ቢሞክሩ «በአስተዳዳሪ ተከልክሏል» የሚል ጽሑፍ መጣ። እሱንም ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ።

አፍንጫቸው የኮምፒውተሩን መስታወት እስኪነካ ተጎንብሰው ሠሩ። ረቡዕ ዕለት ሂሳብ ያልከፈለን ቤት ቁጥር ከሌላው አምታተው አነበቡና የአራስ ቤት ውሃ ተቆረጠ። ሥራ አስኪያጁ በሰው ፊት «ሁለተኛ ከተሳሳቱ ከመስኮቱ ይነሳሉ» አላቸው።

ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ ወጣሁ። ሰውዬው ወንበሩ ላይ ተንፈላስሷል።

«የእትዬን ማጉያ መልስ።»

«ጋሼ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነብዎት እኮ። ትእዛዙ ሰኞ ወጥቷል፤ ለሁሉም አንድ ነው።»

«ጅቡማ አልሄደም፤ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ጫማስ ለሁሉም በአንድ ቁጥር ይገዛል?»

ፊቱ ጠቆረ። «ለአንድ ሰው መፍቀድ ይቻላል። ግን ራሳቸው መጥተው ምክንያቱን ይናገሩ። ያልታወቀ መሣሪያ የደንበኛ ምስጢር ቢሰርቅ ተጠያቂው እኔ ነኝ።»

ወጥመድ መሰለኝ። እህቴን አይናገሩ አልኳቸው። እሳቸው ግን ነጠላቸውን አስተካክለው ቀጥታ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገቡ፤ ሰውዬውንም አስጠሩት።

«ልጆቼ፣ አንዱ ዓይኔ የለም፤ አንዱ ደክሟል። በማጉያው ስሠራ ስንት ቤት በስህተት ቆረጥኩ?»

«አንድም» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«እንግዲያው ያጠፋው ዓይኔ ነው ወይስ ትእዛዛችሁ?»

ሥራ አስኪያጁ ወደ ሰውዬው ዞረ። «ፍቀድላቸው» አለው።

ሰውዬው እህቴን ከትእዛዙ ለየና ማጉያውን ፈቀደ፤ አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጥቶ የመጨረስን ያህል እንኳ አልፈጀበትም። ያንገበገበኝ ይህ ነው። ይህችን ለምታህል ሥራ እህቴ ገመናቸውን ገለጡ፤ አራስ ያለ ውሃ አደረች።

እሳቸው «ልጁ ሥራውን ነው የሠራው» ብለው ይቅር ብለውታል። እኔ አላልኩም። በየማለዳው በሩን ከፍቼ ከመስኮታቸው አጠገብ እቆማለሁ። ፊደሉ ጎልቶ ሲመጣ ሳላይ ወደ ቦታዬ አልመለስም።