ሰባተኛ ክፍል ላይ ያረምኩት ግስ

ሻንቶ ከተማ ባለ ትምህርት ቤት ሰባተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመርኩ አራተኛ ዓመቴ ነበር። በየቀኑ ከሶዶ በሚኒባስ እመላለሳለሁ። አንድ ሰኞ ርዕሰ መምህሩ ጠርቶኝ፣ «ሐሙስ ሱፐርቫይዘሯ ክፍልህ ገብተው ሊያዩህ ነው፤ ተዘጋጅ» አለኝ።

የሐሙሱ ትምህርት ስለ ልብስ ነበር። ቀላል ነው ብዬ የምንቀው ምዕራፍ ነው። ስለፈራሁ ግን አዲሱን የመምህር መምሪያ ከፍቼ እያንዳንዷን መስመር አነበብኩ። «ፑት ኦን» ልብሱን አንስቶ ገላ ላይ ማድረጉ ነው፤ ከለበሱት በኋላ «ዌር» ይባላል ይላል። ደግሜ አነበብኩት። እኔ ሁለቱ አንድ ናቸው፣ ደስ ያላችሁን ተጠቀሙ እያልኩ ነበር እስከዚያ ድረስ የኖርኩት። እኔንም ያስተማሩኝ እንደዚያ ነበር።

እስከ ሐሙስ ድረስ ሚኒባስ ውስጥ የተሳፋሪውን አለባበስ እያየሁ በልቤ ግስ እመርጣለሁ። እኛ ሰዓት እናስራለን፣ ባርኔጣ እንደፋለን፣ ጫማ እንጫማለን፣ መነጽር እናደርጋለን፤ ለእንግሊዝኛው ሁሉም «ዌር» ነው። ሌላስ ስንት ነገር አበላሽቼ ይሆን እያልኩ እሰጋለሁ።

ሱፐርቫይዘሯ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። መጨረሻው ወንበር ላይ ማስታወሻቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ተቀመጡ። እኔም ተማሪዎቹን ምን እንደለበሱ በእንግሊዝኛ ጠየቅኳቸው። ከፊት የምትቀመጠው የክፍሉ ጎበዝ ተነስታ፣ ጥርት ባለ ድምፅ፣ «አይ አም ፑቲንግ ኦን ኤ ዩኒፎርም» አለች። ዩኒፎርሟን ለብሳ ቆማ «እየለበስኩ ነው» ማለቷ ነው።

የሱፐርቫይዘሯ እስክሪብቶ ሲንቀሳቀስ አየሁ።

«ተሳስተሻል፣ ተቀመጪ» አልኳት።

አልተቀመጠችም። «ቲቸር፣ እርስዎ ነዎት እኮ እንደዚህ ያሉን» ብላ ደብተሯን ገለጠች። ባለፈው ወር በሠራችው መልመጃ ላይ ያንኑ ዓረፍተ ነገር በቀይ ራይት አድርጌላታለሁ።

 ልጅቷ ደብተሯን እንደገለጠች ቆማለች። ዓይኗን ሽሽት ወደ ሰሌዳው ዞርኩ፤ ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። ጎንበስ ብዬ ሳነሳው ነው መሰለኝ እውነቱን ለመናገር የቆረጥኩት።

«እሷ አልተሳሳተችም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

ኮቴን አወለቅኩ። ከዚያ አንድ እጄን ቀስ ብዬ እያስገባሁ «ፑቲንግ ኦን» አልኩ፤ ቁልፎቹን ከቆለፍኩ በኋላ ደግሞ ቀጥ ብዬ ቆሜ «ዌሪንግ»። የኮቱ ገበር ብብቱ ሥር ተቀዶ ነበርና ሳቁብኝ። «እየለበስኩ ነው እና ለብሻለሁ አንድ ናቸው?» ስላቸው፣ «አይደሉም!» ብለው ጮኹ። አንዳንዱ ላልገባው ጓደኛው በወላይትኛ ያስረዳ ጀመር።

ከክፍል ስንወጣ ሱፐርቫይዘሯ፣ «መምህር፣ ስለ ግሱ አይደለም የጻፍኩት። ልጅቷን ተሳስተሻል ሲሏት ነው የጻፍኩት» አሉኝ።  ከተሰጠኝ መካከለኛ ውጤት ይልቅ ይህ ንግግራቸው ነው ያስጨነቀኝ።

በዕረፍት ሰዓት ልጅቷን ይቅርታ ጠየቅኳት። «ምንም አይደል ቲቸር» አለች፤ ነገር ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ እጇን አላወጣችም። ጥያቄ በጠየቅኩ ቁጥር መጀመሪያ የማየው የእሷን እጅ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ስታወጣ ጥያቄውን ራሱ ረሳሁት።

ከዚያ የስምንተኛ ክፍሉን መምህር ዐሥር ደቂቃ ለምኜ የአምና ተማሪዎቼ ዘንድ ገባሁና ስህተቴን ነገርኳቸው። አንዷ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ሌላስ እንዲህ ተሳስተው ያስተማሩን አለ?»

«አላውቅም» አልኳት። «ደብተራችሁን ስጡኝና ልፈልግ።»

የአምናውን ደብተር አስቀምጠው የቆዩት ብዙ ነበሩ። ዓርብ ዕለት ደብተሮቹን በማዳበሪያ ከረጢት ይዤ፣ ጉልበቴ ላይ አቅፌ፣ ወደ ሶዶ ተሳፈርኩ።