የራስን ወንበር መግዛት
ወይዘሮ ካሳነሽ የገዛ ራሳቸው የሥራ ቦታ በአምስት መቶ ብር ተሸጦላቸዋል። ዲላ ፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጠው ለባለጉዳይ ማመልከቻ በመጻፍ አሥራ ስድስት ዓመት ኖረዋል። ሥራው ሲቀዘቅዝባቸው፣ በቴሌግራም «የጽሑፍ ሥራዎች ዝርዝር» የሚሸጥ ሰው አገኙና ልክፈል አልክፈል ሲሉ ሰንብተው ከፈሉ። የዝርዝሩ የመጀመሪያ ሥራ እንዲህ ይላል፦ «ማመልከቻ መጻፍ፤ ዲላ፣ ፍርድ ቤት ደጃፍ። ወንበር ይዞ መምጣት ግዴታ ነው።»

በማግስቱ ሦስት ወጣቶች ወንበር ተሸክመው ከተፍ አሉ።

«እትዬ፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉልን፤ ከፍለንበታል።»

«እኔስ በነጻ የተቀመጥኩ መሰላችሁ? ትናንት ከፍያለሁ!»

ሻጩ ስልኩን ዘግቷል። ባለጉዳዩ ለአራት ጸሐፊ ተከፋፍሏል። ለማንም ገንዘቡ አልተመለሰም፤ ዝርዝሩም ዛሬም ይሸጣል።